ደሳለው ብቻውን ካሴት ያወጣ ጊዜ

ባለፈው ሰሞን ጎንደር ውስጥ፣ የደም ግፊት መድኃኒቴን ልቀበል ከአንድ ጤና ጣቢያ አግዳሚ ላይ ተራ እየጠበቅሁ ሳለ፣ ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ አግዳሚውን በጣቱ ይመታ ጀመር። ሁለት ቀለል፣ አንድ ጠበቅ፤ እንደገና ሁለት ቀለል፣ አንድ ጠበቅ። ራሱ ተመልጧል፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። ፊቱን አላወቅሁትም፤ ጣቱን ግን አወቅሁት። «መስፍን ነህ?» አልኩት። ዞሮ ትንሽ ሲያየኝ ቆየና «የመተማዋ እትዬ ዘውዴ» አለኝ። መስፍን ያኔ አዘዞ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ በአንድ ኪቦርድና በአንድ ኮምፒውተር ሙዚቃ ይቀዳ የነበረ ጎረምሳ ነው። አሁን የሶላር መብራት ይሸጣል። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ ካወራን በኋላ «ያ የቆላው ልጅ ካሴት ይኖርዎታል?» ብሎ ጠየቀኝ። አንድም እንደሌለኝ ነገርኩት። ስሜ ተጠርቶ ገብቼ ስወጣ ሄዷል። ከዚያን ቀን ወዲህ እግሬ አንድ ቦታ አላርፍ ብሎኛል። ከቤት ወደ ግቢ፣ ከግቢ ወደ በር እላለሁ፤ ልጄ «እናቴ፣ ምን ጠፋሽ?» ትለኛለች። ምን ብዬ እመልስላታለሁ?

መተማ ዮሐንስ ሰው ቁጭ ብሎ የሚኖርባት ከተማ አይዶለችም ነበር። ያገኘኸው ሰው ሁሉ ወይ ሊሻገር የመጣ ነው፣ ወይ ተሻግሮ የተመለሰ፣ ወይም የተሻገረ ሰው የሚጠብቅ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከጎንደር ሲያመጣኝ «አንድ ዓመት ብቻ» ብሎኝ ነበር። እሱ ሰሊጥ ጭኖ ሲወጣ፣ ሸቀጥ ጭኖ ሲገባ፣ እኔ ከዋናው መንገድ ዳር፣ ኒም ዛፍ ሥር፣ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይቼ ካሴት መሸጥ ጀመርኩ። ፀሐዩ ገና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ቆርቆሮውን ቋ ቋ ያደርገዋል። ካሴቶቹ እንዳይቀልጡ በእርጥብ ጨርቅ እሸፍናቸው ነበር። ከወዲያ ማዶ ከገላባት ገበያ የሱዳን ሳሙና፣ የሱዳን ብስኩት፣ የሱዳን ሽቶ ይመጣል፤ ሽቶው ከናፍጣው፣ ናፍጣው ከሰሊጡ አቧራ ጋር ተደባልቆ የከተማዋ ጠረን ይሆናል። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም፣ ካሴት በአሥራ ሁለት ብር ነበር። ዛሬ ይህን ለልጄ ስነግራት ተረት ይመስላታል።

በዓረም ወራት ሳሉግ የምንላቸው የቀን ሠራተኞች ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከደጋው ጎንደር ይጎርፉ ነበር። ሁሉም ኮንጎ ጫማ አጥልቀው፣ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ሬዲዮናቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ አስረው ነው የሚመጡት። ከእነሱ ጋር የየአገሩ አነጋገር ይመጣል። የእኔ ሱቅ የሚያመሹበት ቦታ ነበር። የሚገዛውም የማይገዛውም ቆሞ ያዳምጣል። ከእነዚያ ቆመው ከሚያዳምጡት መሃል ነው ሁለቱን ልጆች ያወቅኋቸው።

ደሳለውና ጋሻው ከመተማ ትንሽ ራቅ ብላ ያለችው የኮኪት ልጆች ናቸው። የደሳለው አባት የትራክተር ኦፕሬተር ነበሩ፤ እሱ ቀጭን፣ ዓይኑ የማያርፍ፣ ቁጭ በል ብትለው እንኳን ግማሽ መቀመጫውን ብቻ የሚያሳርፍ ልጅ። ጋሻው ረጅም ነው፣ ቀስ ብሎ ይናገራል፤ ድምፁ ደግሞ ከሩቅ የሚመጣ ከባድ መኪና ነው፤ ሳታየው ደረትህ ውስጥ ይሰማሃል። ራሳቸውን «ኮኪት ቦይስ» ብለው ሰይመው ነበር። ከገላባት የተገዛ ሰፊ ጂንስ፣ ጀርባው ላይ ቁጥር ያለበት ካናቴራ፣ ዞሮ የተደፋ ኮፍያ፤ በዚያ ሙቀት ያን ሁሉ ለብሰው በእግራቸው ሲመጡ የሰፈሩ ሴቶች «እነዚህን ልጆች ምን ነካቸው?» ይሉ ነበር። ራፕ የሚባለውን ከሱዳን ሳተላይት ነበር የለመዱት፤ ቋንቋውን ሳይሰሙት አካሄዱን ያዙት። በመኸር፣ ማሽላው ሲወቃ፣ ከመውቂያ ማሽኑ ጎን ቆመው በሞተሩ ምት ላይ ያነበንባሉ። መጀመሪያ ደሳለው፣ ሁለተኛ ጋሻው። ሠራተኛው ሥራውን ጥሎ ይሰማቸዋል፤ የእርሻው ባለቤት ይቆጣል፣ ከዚያ እሱም ቆሞ ይሰማል።

ደሳለው እንዲህ ይል ነበር፦

ፀሐይ ናት አለቃ፣ ፀሐይ ናት ፎርማን፣
ጥላ ስትፈልግ ታሳይሃለች ሱዳን፤
ክረምት ጭቃው መጥቶ ያዘኝና እግሬን፣
በጋ መንገድ ከፍቶ አሳየኝ ድንበሬን።

ጋሻው ሁለተኛውን ሲቀበል ግን ሰው ጸጥ ይላል። በዚያን ጊዜ ከጠየቃችሁኝ፣ ከሁለቱ ጋሻው ይበልጣል እል ነበር። መተማ ሁሉ እንደዚያ ይል ነበር።

ናሙናቸውን በካሴት ቀድተው አዲስ አበባ ላለ አንድ ሙዚቃ ቤት ላኩ። ብዙ ቆይቶ መልስ መጣ። ልጆቹ ጥሩ ናቸው፤ ግን «አንተ ሰው» ለማለት «ያ ዞል»፣ «በቃ» ለማለት «ካላስ» የሚሉት የዓረብ ቃላት ይውጡ፣ የቆላው አነጋገርም ይስተካከል ይላል። ደሳለው ሱቄ ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ ተሳደበ። ጋሻው አልተሳደበም። «እኔ ሌላ አነጋገር የለኝም» አለና ወጣ። የዚያን ዓመት ዝናቡ ቆሞ መንገድ ሲከፈት ተሻገረ። ካርቱም ትንሽ ሠርቶ እንደሚመለስ ለእናቱ ነግሯቸው ነበር። ሁለት ጊዜ ወደ ሱቄ ስልክ ደወለ፤ ሁለት ጊዜ መልእክቱን ኮኪት ድረስ አደረስኩ። ከዚያ ዝም አለ። ወደ ሊቢያ በሚሄድ መኪና ላይ ሲሳፈር አየሁት የሚል አንድ ሰው መጣ፤ ሌላው ደግሞ እሱ አይዶለም አለ። እንዲህ ያለ ወሬ በድንበር ከተማ እንደ አቧራ ነው፤ ጠርገኸው ዞር ሳትል ይመለሳል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደሳለው መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«እትዬ ዘውዴ፣ ካሴቱን ብቻዬን ልሠራው ነው» አለኝ።

«ማን ያወጣልሃል? ከአዲስ አበባዎቹ ጋር ተጣልተሃል።»

«እርስዎ ነዎት የሚያወጡልኝ።»

ሳቅሁ። «እኔ ሻጭ ነኝ ልጄ፣ አሳታሚ አይዶለሁም።»

«ማሳተም ምን ይከብዳል? የእርስዎን ስም ካሴቱ ላይ እንጽፋለን፤ በቃ አሳታሚ ሆኑ።»

ሳቄን ሳልጨርስ ነገሩ ልቤ ውስጥ ገብቶ ነበር። ዓመቱን ሙሉ የሌላ ሰው ዘፈን ስሸጥ፣ ሁሉ ነገር ከሌላ ቦታ መጥቶ በደጃፌ ሲያልፍ፣ አንድ ነገር እንኳ ከዚህች ከተማ ተነሥቶ ወደ ላይ ቢሄድ እያልኩ የምመኘው ለራሴም ሳልነግረው ነው። ባለቤቴ ሲሰማ «አንቺ ሴት፣ ሰው እኮ የሚያልፍለት ሰሊጥ ሲነግድ ነው» አለኝ። «የሰሊጥ ነጋዴማ ሞልቷል» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ እንጂ አልከለከለኝም፤ ከሳምንት በኋላ እሱ ራሱ በመኪናው ወደ ጎንደር አወጣን።

ከመሄዳችን በፊት ግን የጋሻው እናት መጡ። እትዬ የሺ ኮኪት መናኸሪያ ዳር ለሾፌሮች ምግብ የሚሠሩ፣ ቃል የማያበዙ ሴት ናቸው። በዚያ ፀሐይ ከኮኪት በጭነት መኪና ተሳፍረው መጥተው፣ ላባቸውን ሳይጠርጉ ከሱቄ ገቡ። ደሳለው ውስጥ ነበር፤ ሲያያቸው ተነሣ።

«ብቻህን ልትዘፍን ነው አሉ» አሉት።

«አዎ፣ እማማ።»

«የእናንተ ዘፈን ሁለት ሰው ነበረው።»

ደሳለው ኮፍያውን አወለቀ።

«ሰው ሲሞት ነው ቦታውን ሌላ የሚይዘው» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ልጄ ሞተ ብሎ የነገረኝ የለም። አንተ ነገሩን ታውቃለህ እንዴ?»

«አላውቅም እማማ። ሞቷል ብዬም አላስብም።»

«እንግዲያ ቦታውን አትንካበት።»

«አልነካበትም» አለ ደሳለው። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳማቸው። ወንበር ብሰጣቸው አልተቀመጡም፤ ውሃ ጠጥተው በመጡበት መኪና ተመለሱ። እኔ ያኔ ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

የመስፍን ክፍል ግድግዳው በአሮጌ ፍራሽ የተሸፈነ ነበር፤ አየር የለውም፤ በር ስንዘጋ መታፈን ነው። መስፍን የማሽላ መውቂያውን ምት በኪቦርዱ ለመያዝ ብዙ ሞከረ፤ ደሳለው «አይዶለም፣ አይዶለም» እያለ ጠረጴዛውን በጡጫው እየመታ አስተማረው። ሁለት ቀለል፣ አንድ ጠበቅ። የተቀሩት ዘፈኖች በሰላም ተቀዱ። ደሳለው ሲቀዳ እንኳ አይቆምም፤ ይራመዳል፤ መስፍን «ማይኩን ጥለኸው ሄድክ» እያለ ይመልሰዋል። የመጨረሻው ያ የሁለቱ ዘፈን ነበር፤ «ፀሐይ ናት አለቃ» የሚለው። ደሳለው የመጀመሪያውን ክፍል አለ፣ አዝማቹን አለ፣ ሁለተኛው ክፍል ሲደርስ አፉን ዘጋ። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳይንቀሳቀስ ቆመ። ሙዚቃው ብቻውን ይሄዳል። መስፍን አቆመው።

«ጠፋህ እንዴ?»

«አልጠፋኝም። ይለፍ።»

«ምኑ ይለፍ?»

«ባዶው ይለፍ። ምቱ ብቻ ይሂድ፤ ሲያልቅ በአዝማቹ እመለሳለሁ።»

መስፍን ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ፣ ይህ ከወጣ ሰው ካሴቱ ተበላሽቷል ነው የሚለው።»

እኔም እንደዚያው ፈርቼ ነበር። ግን የእትዬ የሺን ፊት አይቼ ነበርና «ይለፍ» አልኩት።

ካሴቱ «ከኬላው ወዲህ» ተብሎ ወጣ። ሽፋኑ ላይ ደሳለው ከኬላው ገመድ ፊት ቆሟል፤ ማተሚያ ቤቱ ቀለሙን ስላበዛው ፊቱ ሐምራዊ ሆኗል። ከሥር «ዘውዴ ሙዚቃ ቤት፣ መተማ ዮሐንስ» ይላል። ስሜን በማተሚያ ፊደል ሳይ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ቁጭ አልኩ። ሰሊጡ ታጭዶ ሠራተኛው እጁ ላይ ጥቂት ነገር የያዘበት ወቅት ስለነበር ቶሎ ቶሎ ሄደ። ሽንፋ ሄደ፣ ወደ ገለጉ በሚሄዱ መኪናዎች ቋራ ገባ፣ ጎንደር አራዳ ላይ በድምፅ ማጉያ ተሰማ። ከሁሉ በፊት ግን መስፍን እንዳለው ሆነ። ሰዉ ይዞ ይመለስ ጀመር። «ካሴቱ መሃል ላይ ይጠፋል» ይሉኛል። አንድ የወሎ ልጅ በተለይ አልረሳውም፤ ሁለቴ ቀይሬለት በሦስተኛው ተመልሶ መጣ።

«እትዬ፣ ይኸውም ያው ነው።»

«አልተበላሸም ልጄ። ሆነ ተብሎ ነው የተተወው።»

«ለማን?»

«የሄደ ጓደኛ አለው። የእሱ ቦታ ነው።»

ልጁ ካሴቱን አገላብጦ አየው። «እኔም የሄደ ወንድም አለኝ» አለና ይዞት ሄደ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም አላሰበውም። በየእርሻው ካምፕ፣ በየሻይ ቤቱ፣ ያ ባዶ ቦታ ሲደርስ ሰው የራሱን ይጨምርበት ጀመር። ጎጃሜው በጎጃም አነጋገሩ ስለ በሬው፣ ወሎዬው ስለ ወንድሙ፣ አንድ ከማዶ የመጣ ሱዳናዊ ሾፌር ደግሞ በዓረብኛ ስለ ሚስቱ። የሚችልም የማይችልም ያነበንባል፤ ሲሳሳት ይሳቃል፤ አዝማቹ ሲመለስ ሁሉም አብሮ ይገባል። ሱቄ ፊት በየቀኑ ሌላ ድምፅ እሰማ ነበር። ደሳለው ግን ይህን ሲሰማ አንድም ቀን አልሳቀም፤ ቆሞ እስኪያልቅ ይሰማና ይሄዳል። ጎንደርና ባሕር ዳር ለዝግጅት ይጠሩት ጀመር፤ እዚያም ሁለተኛው ክፍል ሲደርስ ማይኩን ዝቅ አድርጎ ይቆም ነበር አሉ። ሁለተኛ አልበም ሥራ ብንለው ዛሬ ነገ ይላል። ሲዲ መጣና ካሴት ሞተ፤ ሲዲውም ብዙ ሳይቆይ ቀረ፤ ሰው ዘፈን በስልኩ ሚሞሪ እየጫነ በነፃ ይዞ መሄድ ጀመረ። የእኔ ሱቅ የስልክ ሽፋንና የጆሮ ማዳመጫ መሸጫ ሆነ። ኒሙን መንገዱ ሲሰፋ ቆረጡት። እንደዚያ ነው፣ ያልቃል ሳይሉህ ያልቃል።

ጋሻው የተመለሰው በእነዚያ ዓመታት ነው። አንድ ጠዋት ከገላባት የመጣ መኪና ሰዎች አወረደ፤ እንደዚያ ያሉ መኪኖች ያኔ ይበዙ ነበር፤ ከየእስር ቤቱ፣ ከየበረሃው የተመለሱ ልጆች ይጭናሉ። አንድ ረጅም፣ አጥንቱ የወጣ ሰው የሱቄ በር ላይ ቆመ። የስልክ ሽፋን የሚፈልግ መስሎኝ «ምን ልስጥህ?» አልኩት።

«እትዬ ዘውዴ፣ ውሃ ካለ» አለኝ።

በድምፁ አወቅሁት፤ ጋሻው ነው። አገላብጬ ሳምኩት፣ አስቀመጥኩት፣ አለቀስኩ፤ እሱ አላለቀሰም። የት እንደነበር አልጠየቅሁትም፣ አልነገረኝም። አሮጌውን ቴፕ አቧራውን ጠርጌ ካሴቱን ከፈትኩለት። ያ ቦታ ሲደርስ መሬቱን እያየ ጣቶቹን አቆላለፈ። ምቱ ሄዶ ሄዶ አዝማቹ ተመለሰ።

«ጥሩ ነው» አለ። ከዚያ «የኮኪት መኪና ሄዷል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ደሳለው የሰማ ዕለት ለዝግጅት ከሄደበት ከጎንደር እየበረረ መጣ። እኔ ነኝ ሱቄ ውስጥ ያገናኘኋቸው። እንደ ሱዳኖቹ ትከሻ ለትከሻ ተመታተው፣ ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ። ደሳለው እንደ ልማዱ ይንቆራጠጣል፣ ያወራል፣ ጥያቄ ይጠይቃል፣ መልስ አይጠብቅም። በመጨረሻ «ቦታህ አለ» አለው። «አንድም ቀን አልነካሁብህም።»

«ረስቼዋለሁ» አለ ጋሻው።

«እንዴት ይረሳል?»

«ይረሳል ደሴ። ብዙ ነገር ይረሳል።»

ደሳለው ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ መቀመጫውን አሳርፎ ተቀመጠ። ከዚያ ስለ ዝናቡ አወሩ።

ጋሻው ሽንፋ አካባቢ የአንድ ባለሀብት ትራክተር ይነዳ ጀመር። ጥሩ ኦፕሬተር ወጣው፤ ግን ቃል አያወጣም ነበር። እናቱ ቤት ይመጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል፣ ተነሥቶ ይሄዳል። እትዬ የሺ ለገበያ መተማ ሲመጡ «እንዴት ነው ልጅዎ?» ስላቸው «እንግዳ ነው» ይሉኝ ነበር። «ሰው ገብቷል፣ ልጄ ግን አልገባም።» ምን ብዬ ላጽናናቸው? የተመለሱትን ብዙ አይቻለሁ። አንዳንዱ ተመልሶ ሄዷል፤ አንዳንዱ ተቀምጦ የሄደ ያህል ነው።

ከዓመት በኋላ ጋሻው አገባ። ልጅቱ የሽንፋ ገበሬ ልጅ፣ ሳቂታ፣ ነገር የማትፈራ። ሠርጉ ኮኪት ተደገሰ፤ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ዳሱ በማሽላ አገዳ ተሠርቶ ብርሃኑ እየተቆራረጠ ሰው ላይ ይወርዳል። ባለቤቴ የዚያን ጊዜ ገና በሕይወት ነበር፤ አብረን ሄድን። ደሳለው ሚዜ ነበር፤ ሙሉ ልብስ ለብሶ አላብቶታል። ጭፈራው ሲሞቅ የትራክተር ሾፌሮቹ ያን ዘፈን አስከፈቱ። ደሳለው እንቢ ቢል አልተውትም፤ የመጀመሪያውን ክፍል አለላቸው። ሰው ሁሉ ሁለተኛው ቦታ ሲደርስ የራሱን ሊል ተዘጋጅቶ ነበር። አንዱ ሾፌር አፉን ከፍቶም ነበር። ሙሽራዋ ግን ጋሻውን በክንዷ ገፋ አድርጋ «ያንተ አይዶል? በል» አለችው።

ጋሻው ተነሣ። ምቱ ይሄዳል። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰና ቆመ፤ በእርግጥም ረስቶታል። ሰው ሊስቅ ሲል ደሳለው ከኋላው ሄዶ ጆሮው ላይ ጎንበስ አለ። አንድ መስመር በሹክሹክታ ይነግረዋል፤ ጋሻው ያችን መስመር በዚያ በከባድ ድምፁ ያወጣታል፤ እንደገና ይነግረዋል፣ እንደገና ያወጣል። ግማሽ ምት ወደ ኋላ ይቀራል፣ ግን ይደርሳል። እኔ የተቀመጥኩት ቅርብ ነበር፤ የደሳለውን ከንፈር አየሁት። አንዲት ቃል ለማስታወስ አልደከመም፣ በአንዲት ቃል አላመነታም፤ የሌላ ሰው ቃል የሚያስታውስ እንደዚያ አይልም። ያን ጊዜ ገባኝ። ያ ሁሉ ሰው የጋሻው የሚለው ቃል መጀመሪያም ከደሳለው የወጣ ነበር፤ ለጓደኛው ድምፅ ብሎ የጻፈው፣ ያለ ጓደኛው ድምፅ ሊለው ያልፈለገው።

እማ በሩን አትቆልፊው፣ ገርበብ አድርገሽ ተዪው፣
ሲንኳኳ ነፋስ ነው ብለሽ ዝም ብለሽ አትለፊው፤
ቤቴን ከጠየቁሽ ቤቴ ነው መንገዱ፣
ሰላም በይልኝማ ለመጡ ለሄዱ።

መጨረሻዋ መስመር ላይ ጋሻው ሹክሹክታውን አልጠበቀም፤ ራሱ አስታውሶ ቀደመው። ደሳለው ቀና ብሎ ጀርባውን አየው፤ ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸለት።

ዳሱ ተናወጠ፤ ወንዶቹ ጋሻውን ተሸከሙት። እትዬ የሺ ግን ከሴቶቹ መሃል አልተነሡም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ልጃቸውን ሲያዩ ቆዩና፣ ወደ እኔ ዘንበል ብለው ቀስ ብለው ተናገሩ።

«አሁን ገና ገባ» አሉኝ።